አምስት ምት ያላት ቤት

ጥቅምት ፲፬ ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና ያብዛልኝ፤ የመምህራኑን ኳየር የሚመሩባትን ቀጭን ዘንግ ለብዙ ዘመን ከእጅዎ አይለይብኝ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፣ ሥራው ግን ሞቅ ያለ ነው።

የላኩልኝ የኖታ ገጾች ደርሰውኛል። ፖስታውን የቢሮው በር ላይ ቆሜ ነው የቀደድኩት። ለትምህርት ቤቱ አዲስ አዳራሽ ምረቃ እማዬ ለብቻዋ የምትዘምረው፣ ኳየሩ ከኋላ የሚቀበላት ዜማ መሆኑን ሳነብ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለአለቃዬ አሳየሁት። አለቃዬን መቼም ነግሬዎታለሁ፤ የሰው ስህተት ማጥፋት ስለሚወድ ከኋላው “ላጲስ” ነው የምንለው።

የእጅ ጽሑፍዎ ግን ጋሼ፣ አይጣል ነው። ደጋግመው ፍቀው የጻፉበት ቦታ ላይ ኖታው የዝንብ እግር መስሏል። ለነገሩ እኔ ምን አገባኝ፣ እንጀራዬ የሰው ዝንብ እግር ማንበብ ነው።

ሥራዬን ሰው ሲጠይቅዎ “ኮምፒውተር ላይ ነች” ብለው እንደሚያልፉት ስለሰማሁ ዛሬ ላስረዳዎ። እኔ ኖታ አልስልም። ዜማውን እንደዚህ ደብዳቤ በፊደልና በቁጥር እጽፈዋለሁ፤ ፊደሉ ድምፁን፣ ቁጥሩ ርዝመቱን ይናገራል። ፕሮግራሙ ጽሑፌን አንብቦ መስመሩንም ኖታውንም ግጥሙንም በየቦታው አስቀምጦ ገጹን ያወጣል። በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ያለችውን ክፍል “ቤት” ብለው ነበር ያስተማሩን። በእርስዎ ዜማ እያንዳንዷ ቤት አራት ምት መያዝ አለባት። ከጎደለች ወይም ከተረፈች ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ ይጽፍልኛል።

ታዲያ አንድ ቦታ አስጠነቀቀኝ። እማዬ ብቻዋን በምትዘምርበት መካከል አንዲት ቤት አምስት ምት አላት፤ አንዲት ዕረፍት ተርፋለች። እጅዎ ስቶ መሆኑ ስለገባኝ አውጥቻታለሁ። ለምስጋናው አይቸኩሉ። ግጥሙን ያስገባችው ፊደላችንን የማታነብ የሥራ ባልደረባዬ ስለሆነች፣ እዚያ ላይ ግን ስህተት ካገኙ ይታገሱን። የታተመው ከዚህ ጋር አለ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እማዬ ተቀይማኛለች እንዴ? ድሮ ስደውል ጆሮዬ እስኪግል አትለቀኝም ነበር። አሁን “ደህና ነሽ ልጄ?” ትልና ስልኩን አጠገቧ ላለ ሰው ትሰጠዋለች። አምና ባለመምጣቴ ከሆነ ይንገሩኝና ይቅርታ ልጠይቃት።

አክባሪዎ
ንቢት


ኅዳር ፱ ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለንቢቷ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ሥራሽን የቀና፣ አለቃሽን የለዘበ፣ ብርዱንም አጭር ያድርግልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

የላክሽው ደርሶናል። ወረቀቱ ሲታይ ያምራል፤ የእኔ ሥራ መሆኑን ሰው አላመነኝም። ግጥሙ ግን ጉድ ሠራን። ጓደኛሽ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ኖታ አድላለች። በሁለት ኖታ የምታልቀው “ብርሃን” አራት ኖታ ይዛ ቁጭ ብላለች። ከእሷ በኋላ ያለው ቃል ሁሉ ተገፍቶ ተገፍቶ፣ ዜማው ሲያልቅ ግጥሙ ሜዳ ላይ ቀረ። ቴነር የሚዘምሩት ወንዶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የጂኦግራፊው መምህር እንኳ፣ ፊቱ ፈታ ሲል አይተሽው የማታውቂው፣ ጥርሱ ታየ።

ሳቁ የቆመው ያቺ ቤት ጋ ስንደርስ ነው። ያወጣሻትን ዕረፍት መልሺልኝ። እጄ አልሳተም። ልምምዱ ላይ ትንሽ መደነቃቀፍ ነበር፣ አልፏል።

ሌላው፣ ዜማውን በሙሉ አንድ ድምፅ ዝቅ አድርጊልኝ። ከተቻለ ቶሎ።

እናትሽ አልተቀየመችሽም። ማን ይቀየምሻል? የሰፈሩን የስልክ መስመር ታውቂው የለ። ሥራም በዝቶባታል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ ፬ ቀን

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎን እስኪያልቅ እየሳቅሁ አነበብኩ፤ ለጓደኛዬም ተረጎምኩላትና ከጠረጴዛዋ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት። ግጥሙን ራሴ በአፌ እያልኩ፣ በሚነገርበት ቦታ እየከፈልኩ እንደገና አስገብቼዋለሁ። “ብርሃን” ሁለት ኖታዋን ይዛ ቦታዋ ገብታለች።

ዝቅ ማድረጉ ቀላል ነው። እርስዎ ቢሆኑ ገጹን በሙሉ እንደገና ይጽፉ ነበር፤ እኔ አንድ መስመር ጨምሬ አዘዝኩት፣ ሁሉም ተያይዞ ወረደ። ድምፃቸው ወፍራሙ ባሶቹ ጉድጓድ ገባን ቢሉዎ የእርስዎ ጥፋት ነው።

አምስተኛዋ ምት ላይ ግን ተጨቃጨቅን። ላጲስ ገጹን አይቶ፣ “አራት ምት ተብሎ በተጀመረ ዜማ ውስጥ አምስት ምት ምን ትሠራለች? ያየ ሁሉ አይስቅብንም?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ስለዚህ ሁለታችሁንም ላስማማ ብዬ ዕረፍቷን በአራቱ ምት ውስጥ አጠጋግቼ አስገባኋትና በላይዋ የመቆያ ምልክት፣ ያቺን ነጥብ ያላትን ግማሽ ክብ፣ አኖርኩባት። ቁጥሩም ሞላ፣ እርስዎም ቆይታዎን አገኙ። ለመሆኑ ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት ያቃተው ማነው? እማዬ እንደሆነች ልብስ እያሰጣች ነው የምታወጣው።

ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ። የዓመት ፈቃዴን የምወስደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለምረቃው ልምጣ ወይስ ክረምት ላይ ረዘም አድርጌ? እማዬን ብጠይቃት “በክረምት ይሻላል” ብላ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጠችው። እርስዎስ ምን ይላሉ? የሚሉኝን አደርጋለሁ።

ንቢት


የካቲት ፲፩ ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። መልሴ ስለዘገየ አትዘኚብኝ፤ ትምህርት ቤቱ ፈተና ላይ ነበር።

ስለ ፈቃድሽ ለጠየቅሽኝ፣ እናትሽ ያለችሽን ማክበር መልካም ይመስለኛል። ምረቃውም ወደ ግንቦት ተገፍቷል።

አሁን የምጠይቅሽን በጥንቃቄ ያዢልኝ። ዜማውን አንድ ድምፅ ደግመሽ ዝቅ አድርጊው። የእናትሽ ረጅሙ ስንኝ ለሁለት ይከፈል፤ መካከሉን ኳየሩ ይቀበላትና መጨረሻውን እሷ ታንሳው። የላክሽው የመቆያ ምልክት ደግሞ የወጣው በእናትሽ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ለሌሎቹ በየድምፃቸው ለይተሽ በላክሻቸው ገጾች ላይ የለም። እሷ ስትቆም ኳየሩ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ዘንጌን አንስቼ ብይዝም ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነበር፣ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

እናትሽ አልተቆጣችም። እጇን እያወዛወዘች፣ “ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ” አለች።

ልምምዱን ወደ እናትሽ ሳሎን አዛውረነዋል። አዳራሹ የቀለም ሽታ አለው። ባሶቹ ሶፋው ላይ ተጣበው፣ ከሴቶቹ አልቶዎቹ በመስኮቱ በኩል ቆመው ነው። ጎረቤት አልተማረረብንም እስካሁን።

አስተካክለሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ


መጋቢት ፫ ቀን

ጋሼ፣

የሰላምታውን ወግ ለዛሬ ይለፉኝ።

የምሳ ሰዓት ስለሆነ ቢሮው ባዶ ነው። የጠየቁኝን ልሠራ የዜማውን ፋይሎች ከፈትኩ፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ስለጠፋኝ ሁሉንም ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። ኮምፒውተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው የተለወጠውን ብቻ በቀለም ለይቶ ያሳያል። የአሁኑን ትዕዛዝዎንም ከጎናቸው አኖርኩት። ዜማው ወረደ። ደግሞ ወረደ። ረጅሙ ስንኝ ተቆረጠ። መካከሉ ለኳየሩ ተሰጠ። ከመውረዱ በቀር የሌሎቹን ድምፅ አልነኩም፤ የሚቀያየረው የእማዬ መስመር ብቻ ነው።

ይህ ዜማ ማሻሻል አይደለም። እማዬ ትንፋሽ አጥሯታል። ስልኩን ለሰው የምትሰጠው ተቀይማኝ አይደለም፣ ማውራት አቅቷት ነው። ልምምዱም ቤት የመጣው በቀለም ሽታ አይደለም፣ እስከ ትምህርት ቤቱ መራመድ አቅቷት ነው።

ተሳስቼ ከሆነ ይስደቡኝ፣ ደስ እያለኝ እሰደባለሁ። ካልተሳሳትኩ እውነቱን ይጻፉልኝ። ስልክ ልደውል አስቤ ነበር፤ እሷ አጠገብዎ ሆና እንደሚዋሹኝ ስለማውቅ ተውኩት። እስከዚያ ድረስ አንድም ኖታ ዝቅ አላደርግም።

ንቢት


መጋቢት ፲፱ ቀን

የእህቴ ልጅ፣ ዓይኔ፣

አልተሳሳትሽም።

ሳንባዋ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚድን ባይሆንም በመድኃኒት ተይዞ ይቆያል ብሎን ነበር። አሁን መያዙም እያቃተው ነው። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ስትመጣ በር ላይ ተደግፋ ታርፋለች፤ መጋረጃ የምታስተካክል መስላ ነው የምታርፈው። ሰው እንዲያውቅባት አትፈልግም።

እንዳልነግርሽ አስማለችኝ። “ከነገርካት ዜማህን አልዘምርልህም” አለችኝ። “ሥራዋን ጥላ መጥታ አልጋዬ ጎን ተቀምጣ ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ ድኜ ስዘምር እንድታየኝ ነው የምፈልገው” አለች። ክረምት ላይ ነይ ያለችሽ እስከዚያ እድናለሁ ብላ ነው። ልጄ፣ እኔ ክረምቱን እንጃ። እናትሽ፣ የእኔ እታለም፣ እናትም እህትም ሆና ያሳደገችኝ ሰው ነች። አንዲት ነገር ስታዘኝ እምቢ ብያት አላውቅም፤ እምቢ ማለት ያለብኝ ይኸኔ ነበር።

አምስተኛዋን ምት ልንገርሽ። ያንን ዜማ የጻፍኩት ወጥ ቤቷ ውስጥ ነው። እሷ ሳህን እያጠበች ትዘምራለች፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቴን ዘርግቼ እጽፋለሁ። እዚያች ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ቆም ብላ ትተነፍስ ነበር። መጀመሪያ አልፌው ነበር፤ ኋላ ለካሁት። አንድ ምት ነበር። ለእሷ የሚሆን ዜማ የእሷን ትንፋሽ መያዝ አለበት ብዬ ጻፍኩት። አንቺ ስታወጪው ስህተት መስሎሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ አልፈረድኩብሽም። ግን የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ኳየሩ ጥሏት ሲያልፍ ተቀመጠችና ወረቀቱን ስታገላብጥ አየኋት። ጠጋ ብዬ ማተሚያው ተሳስቶ ነው ስላት፣ “ልጄ የጻፈችው ትክክል ነው፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ” አለችኝ። ለዚያ ነው በጻፍኩልሽ ላይ ቃሌ የደረቀው።

አሁን አንድ ምት አይበቃትም። ስንት እንደሚበቃት እኔም አላውቅም፤ ከቀን ቀን ይለያያል።

ምንም አታምጪ፣ ምንም አትላኪ። ነይ። መሐላዬን ማፍረሴን እኔው እነግራታለሁ፤ ከተቆጣችም በእኔ ትቆጣ።

አጎትሽ


ሚያዝያ ፮ ቀን

ጋሼ፣

ፈቃዴን አግኝቻለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እኔም መንገድ ላይ ነኝ።

ለእማዬ አይንገሯት። አይ፣ ይንገሯት፤ በሩ ላይ ድንገት ካየችኝ ያለቻትንም ትንፋሽ እጨርስባታለሁ።

አምስተኛዋን ምት መልሻታለሁ፤ መቆያዋንም በእሷው ላይ አኑሬያታለሁ። በሁሉም ገጽ ላይ እንድትወጣ ደግሞ እንዲህ አደረግሁ። ለሁሉም ድምፆች የጋራ የሆነ አንድ ባዶ መስመር ጻፍኩ። ኖታ የለበትም፣ አይዘመርም፣ ወረቀቱም ላይ አይታይም፤ በውስጡ ያለው ያቺ መቆያ ብቻ ነች። እሱን ከየድምፁ ጋር ሳጣምረው ምልክቷ በሶፕራኖውም በአልቶውም በቴነሩም በባሱም ገጽ እኩል ቦታ ላይ ወጣች። ከእንግዲህ ሳያያት የሚያልፍ የለም። ይህንን መጀመሪያውኑ ማድረግ ነበረብኝ፤ ለአንዱ የጻፍኩት ለሁሉም የሚደርስ መስሎኝ ነው።

ላጲስ ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ “ስንት ምት ነው የሚቆየው?” አለኝ። “እሷ እስክትጨርስ” አልኩት። ገጾቹን ራሱ አትሞ ሰጠኝ።

ዝቅ ያሉትን በሙሉ ይዤ እመጣለሁ። ከአልቶዎቹ መካከል አንድ መቆሚያ ያቆዩልኝ። ድምፄ ዝጓል፤ ቢሆንም ወረቀት አነባለሁ።

ንቢት


ጥቅምት ፳፪ ቀን

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣

በሰላም ወደ ሥራሽ መመለስሽን ሰምቼ አምላክን አመሰገንኩ። ያጽናሽ፤ ያበርታሽ። እኔንም እንዲሁ በይኝ።

ቤቱን እንደተውሽው ነው። አበቦቹን ጎረቤት ታጠጣለች። ሶፋውን ወደ ግድግዳው መልሰነዋል፤ የባሶቹ ክብደት ግን መካከሉን አጎድጉዶታል። እታለም ከማረፏ በፊት በነበሩት ሳምንታት እዚያ ጎድጓዳ ላይ መቀመጥ ትወድ ነበር፤ “ኳየሩ ያበጀልኝ ቦታ” ትለው ነበር። አሁን እኔ እቀመጥበታለሁ።

ኳየሩ እንደገና ተሰብስቧል። በእሷ ቦታ የቆመችው አዲሷ የሒሳብ መምህርት ነች። ድምፅዋ ጠንካራ ነው፣ ልጅቱም ጨዋ ነች፣ አልከፋባትም። ዜማውን መጀመሪያ ወደነበረበት ከፍታ መልሺልን፤ ረጅሙንም ስንኝ ሳይቆረጥ ትችለዋለች። መቆያዋ ጋ ስትደርስ ግን፣ “እኔ ትንፋሽ አላጠረኝም፣ ለምን እቆማለሁ?” አለችኝ። ጽፌ ልጠይቅልሽ አልኳት። መቆያዋን አውጪያት ወይም ተያት፣ ላንቺ ትቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ዋናውን ለማዘግየት ነው። የምረቃው ቀን እሷ ከጎኔ ወንበር ላይ፣ ሕዝቡ እንዳያስፈራት ፊቷን ወደ እናንተ አዙራ ተቀምጣ ነበር። መቆያዋ ላይ ስንደርስ ዘንጌን አንስቼ ያዝኩ። ወደ እሷ ግን አላየሁም። ፈራሁ። የማየው የዘንጉን ጫፍ ነበር። መቀጠሏን ያወቅኩት ድምፅዋን ስሰማ ነው።

አንቺ ፊት ለፊቷ ነበርሽ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ምን ሆነች? እዚህ በነበርሽበት ጊዜ ሁሉ ልጠይቅሽ እያልኩ አፌ እምቢ አለኝ። ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ኅዳር ፲፭ ቀን

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጎድጓዳው ይመችዎ። እኔም ቀስ በቀስ እየበረታሁ ነው።

የጠየቁኝን ልንገርዎ። ዘንግዎ ሲነሳ ሁላችንም ቆምን። እማዬ ቀና ብላ አየችን። ከዚያ እጇን አነሳችና ሳሎን ውስጥ ታደርገው እንደነበረው ጣቶቿን አወዛወዘችልን። ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ግን “ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ” ሲል አየሁት።

ማንም አልሄደም። የጂኦግራፊው መምህር ጉሮሮውን ሊጠርግ ብሎ ተወው። እማዬ ደግማ አወዛወዘች። ቆምን። ያኔ ተቆጣች ጋሼ፣ አልዋሽዎትም። ልጅ ሳለሁ የጫማዬን ማሰሪያ ይዤ ስንቀራፈፍ ታየኝ በነበረው ዓይን አንድ በአንድ አየችን። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፣ እንባዬም እንዲሁ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። የትም እንደማንሄድ የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ መቸኮሏን ተወች። ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች፣ ደግማ ተነፈሰች፣ እስኪበቃት ተነፈሰች። ከዚያ እርስዎ የሰሙትን ድምፅ አወጣች። አልከፋትም ጋሼ። ያላዩት የሚያስፈራ ነገር የለም።

ዜማውን ወደ ቀድሞ ከፍታው መልሼዋለሁ፤ ረጅሙንም ስንኝ ቀጥዬዋለሁ። መምህርቷ ቀለል እንዲላት ኖታውን ትንሽ ጎላ አድርጌዋለሁ። ገጾቹ ከዚህ ጋር አሉ።

አምስተኛዋን ምትና መቆያዋን አልነካኋቸውም። ገጹን ባወጣሁ ቁጥር ፕሮግራሙ እዚያች ቤት ላይ ምት ተርፏል ብሎ ይጽፍልኛል። አንብቤው አልፋለሁ። ላጲስም አይቶት ያውቃል፤ አጥፊው ብሎኝ አያውቅም።

መምህርቷ ለምን እንደምትቆም ደግማ ከጠየቀችዎ፣ የምንጠብቀው አንቺን አይደለም ይበሏት።

ልጅዎ
ንቢት